ሙሽራ የማያሻግረው ቦይ

የእኛ ሰፈር መግቢያው አንድ ነው፤ መውጫውም እሱው ነው። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ በኋላ «ታዲያ በሌላ በኩል ለምን አልዞራችሁም?» ብላችሁ ደሜን እንዳታፈሉት ነው። ከጀርባችን ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ወንዝ ነው። በግራ የሰው አጥር፣ በቀኝ የሰው አጥር ከነውሻው። የቀበሌያችን ሊቀመንበርም ይህንኑ «በሌላ በኩል» ጠይቆኝ ያውቃል። የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆች ያነቡታል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቀሚስ የጠበባትና ሱሪ የሰፋው አብዛኛው ሰው እኔ ቤት ደርሶ ያውቃል። ባሌ የሥነ ዜጋ መምህር ነው። የሥነ ዜጋ መምህር ያገባች ሴት ታውቀዋለች፤ ቤት ውስጥ ጨው ሲያልቅ እንኳ «መብትና ግዴታ» እያለ ነው ሱቅ የሚሄደው። አንዲት ልጅ አለችን፤ ትዕግስት ትባላለች፤ ነርስ ናት። እንግዲህ ቤተሰቡ ይኸው ነው። አሁን ወደ ጉድጓዱ ልግባ። መግባትስ ሁላችንም በየተራ ገብተንበታል።

ግንቦት ላይ አንድ ጠዋት ቢጫ የመቆፈሪያ ማሽን መጣ። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊሠራላችሁ ነው ተባለ። ሰፈሩ እልል አለ። እኔ ሞኟ ደግሞ ለሾፌሩ ጠላ በጣሳ ይዤለት ወጣሁ። ሰው የራሱን መቅበሪያ ለሚቆፍርለት ጠላ ሲያጠጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማሽኑ የሰፈራችንን አፍ ከዳር እስከ ዳር ገመሰው፤ ሾፌሩ ጠላውን ጨለጠ፤ አመሰገነኝ፤ ሄዱ። ድንጋይና ሲሚንቶ ይመጣል ተባለ። የመጣው ክረምት ነው።

የጎጃምን ክረምት አላስተዋውቃችሁም። ያ ቦይ በአንድ ሌሊት ወንዝ ሆነ። በመንገዳችን ጥግ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጡት ሐጂ ኑርዬ አጣናዎች አጋድመው ድልድይ ባይሠሩልን ኖሮ፣ እስከ መስቀል ድረስ እርስ በርሳችን እየተያየን እንከርም ነበር። ባጃጅ ማዶ ይቆማል። ጤፍ በጀርባ ነው የሚሻገር። ለሙሽራ የሰፋሁት ነጭ ቀሚስ ከአጣናው ላይ ወድቆ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ባለቤቲቱ ፋሽኑ መስሏት ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልኩ። ጎረቤቴ ግን ምጥ ይዟት፣ በሁለት በኩል ተደግፋ፣ ዝናብ እየወረደባት ያችን አጣና ስትሻገር አይቻለሁ። ልጁ ማዶ እንደ ደረሱ ባጃጅ ውስጥ ተወለደ። ስሙን «ተሻገር» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ቤቴ ገብቼ ግን ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረብኝ።

ሰፈሩ ቀበሌ እየሄደ ይጮኽ ነበር። ክረምቱን ሙሉ «ክረምቱ ይውጣ» ተባልን። ክረምቱ ወጣ። መስከረም ላይ «አዲስ ዓመት ነው፤ ዕቅድ ላይ ነን» ተባልን። እኔ እስከዚያ ድረስ ከማጉረምረም አልፌ አላውቅም። ያነቃነቁኝ አለቃ ጥበቡ ናቸው።

አለቃ ጥበቡ ከጉንደ ወይን የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ልጄን አንድ የጉንደ ወይን ወጣት፣ አስተማሪ ነው፣ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው፤ ቤተሰቡ ሽማግሌ ላከ። ጥቅምት ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዘንጋቸውን ይዘው መጡ። አለቃ ቀደም ቀደም ብለው ይመራሉ። ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ጥምጣማቸው ከሩቅ ያበራል። እኔ ከመስኮት ነው የማየው፤ የሙሽራ እናት መውጣት ነውር ነው። እግራቸውን አጣናው ላይ አሳረፉ። አጣናው ዞረ። አለቃ ጠፉ።

ቆይቶ ጥምጣሙ ብቻ ታየ።

ባሌ ሱፉን እንደ ለበሰ በርሮ ወጣና ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ። «አለቃ! ይያዙኝ! ይያዙኝ!»

«ቆይ፣ መምህር» አሉ አለቃ ከታች ሆነው። ጭቃው እስከ ወገባቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን መቅደስ ውስጥ ያሉ ይመስላል። «ሽማግሌ ልጅ ሳይሰጠው አይቀመጥም፤ ወጉ ነው። እኔ ደግሞ ልጅ ሳይሰጠኝ አልወጣም።»

እንግዲህ ፍረዱ። በወጉ ከሄድን ባሌ «ዘመድ እንጠይቅ፣ እናስብበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ማለት አለበት። ጉድጓድ ውስጥ ያለን ሽማግሌ «ሌላ ቀን ተመለስ» እንዴት ይባላል? ባሌ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ፣ ወደ ቤቱ አየ፣ ወደ ጉድጓዱ አየ።

«ሰጥተናል!» ብሎ ጮኸ። «ሰጥተናል፣ ይውጡልን!»

የእኔ ልጅ እንደዚህ ተፈቀደች። የሌላው ሰው ልጅ ሦስት ጊዜ ተለምና ነው።

አለቃ ታጥበው፣ የባሌን ጋቢ ለብሰው፣ ቤት ከተቀመጡ በኋላ ግን ቀልዱ ቀረ። «ልጃችሁን ወደናል» አሉ። «ጉድጓዳችሁን ግን አልወደድነውም። ልጃችን የሚፈልገው ሚስት እንጂ ማዕድን አይደለም፤ ሙሽራ ከጉድጓድ አናወጣም። ሰርጉ ጥር ላይ ነው። እስከዚያ መንገዱ ከተደፈነ እሰየው፤ ካልተደፈነ ድግሱ እኛ አገር ይሁንና እናንተ ትመጣላችሁ።»

ባሌ ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ለእሱ ምክንያታዊ ነው። ለእኔ ግን ጦር ነው የወጋኝ። ልጄ ሕፃን ሳለች ታምሜ ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ያኔ ያቺን ልጅ ያበሉ፣ ያጠቡ፣ ፀጉሯን የሠሩ እነዚህ ጉድጓዱ ከእኔ ጋር ያገታቸው ጎረቤቶቼ ናቸው። አንዷ ቁርስ፣ አንዷ ምሳ፣ ሐጂ ኑርዬ ሳይቀሩ ደብተርና ጫማ። እነዚህን ሰዎች በሰርጓ ቀን ቁጭ አድርጌ፣ በእጄ አጉርሼ ሳላበላ፣ ሰርጉን ጉንደ ወይን ሄጄ እንደ እንግዳ ልብላ? ሞቼ እገኛለሁ።

ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ገባሁ።

ሊቀመንበራችን ሙሉዓለም ይባላል። ከእኛ ብዙ ሳይርቅ ያደገ ልጅ ነው፤ የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርሙን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆንማ በቀለለኝ፤ ክፉ ሰው ይጣሉታል፣ ይገላገሉታል። ይህ ግን ሲያየኝ ከወንበሩ ይነሣል፣ በሁለት እጁ ይጨብጠኛል፣ «እናቴ» ይለኛል፣ ወንበር ይስብልኛል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አያደርግም። ሐጂ ኑርዬ «ስሙ ሙሉ ዓለም፣ አንዲት ጉድጓድ መሙላት አቃተው» የሚሉት ወደው አይደለም።

ሁሉንም ነገርኩት። አለቃን ነገርኩት፣ ተሻገርን ነገርኩት፣ ጥርን ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና፣

«ይገባኛል፣ እናቴ። ብቻ ትዕግስት ይኑራችሁ» አለኝ።

«ትዕግስትማ አለችኝ። እሷን ልድር ብዬ አይደል እንዴ የመጣሁት?»

አልገባውም። በሰምና ወርቅ አገር ተወልዶ ይህችን ማጣቱ አሳዘነኝ። «ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል እናሳውቃለን» አለና እስከ በሩ ሸኘኝ።

ስለዚህ «የሚመለከተው አካል» ስለሚባለው ሰውዬ አንድ ነገር ልበል። ዕድሜዬን ሙሉ ሲጠራ እሰማለሁ፤ ያየው ሰው ግን አላጋጠመኝም። ዓይን እንዳለው አልጠራጠርም፤ ይመለከታል ይባላልና። እጅ ግን የለውም። እጅ ቢኖረው ኖሮ እስከ ዛሬ አንዲት አካፋ አፈር ይጥልልን ነበር። ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ፤ «የሚመለከተው ተቋራጩን ነው» አሉኝ። የተቋራጩን ሰው ከአንድ ምግብ ቤት አገኘሁት፤ «የሚመለከተው ቀበሌውን ነው» አለኝ። ተመልሼ ቀበሌ መጣሁ። ሙሉዓለም ተነሣ፤ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ባሌ በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገባ። «አንቺ ሰው፣ በጩኸት አይሆንም። በሥርዓት ነው» ብሎ አቤቱታ ጻፈ። ምን የመሰለ አቤቱታ! ስለ ዜጎች ተሳትፎ አለበት፣ ስለ ተጠያቂነት አለበት፣ ስለ ሕግ የበላይነት አለበት። ጉድጓዱን ፈልጌ ፈልጌ መጨረሻው ላይ «ከዚሁ ጋር በተያያዘ» ከሚል ሐረግ ሥር አገኘሁት። ሰፈሩ በሙሉ ፈረመበት።

መልሱ ስብሰባ ሆነ። ቀበሌው አዳራሽ ተጠራን። ሌሊት ሲያዘንብ አድሮ አጣናው ሙልጭልጭ ብሎ ነበርና ሴቶቹ እየተያያዝን፣ ሽማግሌዎቹ በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ተሻገርን። ስንደርስ ስብሰባው ተጀምሯል። መድረክ ላይ ያለው ሰው ሰዓቱን አይቶ፣ «የሕዝባችን ትልቁ ችግር ሰዓት አለማክበር ነው» ብሎ ስለ እሱ ረዘም አድርጎ ነገረን። አጀንዳው ራሱ ሲደረስ ጊዜ አለቀ። ጊዜው ስላለቀም ጉዳዩን የሚከታተል ኮሚቴ ይመረጥ ተባለ። ሰው ሁሉ ወደ ባሌ ዞረ፤ አቤቱታውን የጻፈ እሱ ነዋ። እጅ ወጣ። ባሌ የቦይ ጉዳይ ተከታታይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ፣ ደረቱ ነፋ ብሎ ቤቱ ገባ።

ወጥመዱ የገባኝ በማግስቱ ነው። አንዲት ሴት ቀበሌ ሄዳ ስለ ጉድጓዱ ስትጮኽ፣ «ጉዳዩ የኮሚቴው ነው፤ ወደ ሰብሳቢው ሂጂ» አሏት። እኔ ቤት መጣች። ሌላው መጣ። እግሩ የተጠማዘዘ መጣ፣ ዘይት የደፋ መጣ፣ ጫማው ጭቃ ውስጥ የቀረበት አንድ እግሩን ባዶ አድርጎ መጣ። የቀበሌው ቁጣ በሙሉ ወደ እኔ ሳሎን ዞረ። እኔ ልብስ እሰፋለሁ፤ እነሱ ራሴ ላይ ቆመው ባሌን ይሳደባሉ። ባሌ ደግሞ አሁን አነጋገሩ ሁሉ ተለወጠ። «እየሠራንበት ነው» ማለት ጀመረ። አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ድስት አውጥቼ፣

«ስማ፣ ይህ ጉድጓድ ልጄን አገር ሊያሳጣት ነው፤ ምን አደረግክ?» ብለው፣

«ቅሬታሽን ተቀብያለሁ። ኮሚቴው ያየዋል» አይለኝም?

ያን ቀን ምሳውን ኮሚቴው ይስጠው ብዬ ድስቱን መልሼ ከደንኩት።

ኅዳር ገባ፤ ጾም ገባ። ቀበሌው በመጨረሻ ተነቃነቀ። የሠራተኛ ጓድ መጣ፤ እኛም ግልብጥ ብለን ወጣን። ይዘው የመጡት አካፋ አልነበረም። ቀይና ነጭ ላስቲክና አንድ ሰሌዳ ነው። ላስቲኩን በጉድጓዱ ዙሪያ ወጠሩ፤ ሰሌዳውን ማዶ ተከሉና ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። ሰሌዳው «ሥራ ላይ ነን። ለትዕግስትዎ እናመሰግናለን» ይላል።

የልጄ የሥራ ባልደረቦች በዚያ ሲያልፉ አነበቡት። ለካ ታዋቂ ሰው ነሽ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሁሉ ያመሰግንሻል እያሉ ሳምንቱን ሙሉ አናደዷት። ልጄ ቀልድ ትወዳለች፤ ያን ቀን ግን ከሥራ ስትገባ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «እማዬ፣ ይብቃሽ። ጉንደ ወይን ይሁን፤ ምን ችግር አለው?» አለችኝ። እኔን ለማሳረፍ ብላ እንደ ሆነ ገባኝ። የገባኝ ነገር ነው ይበልጥ ያበገነኝ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ቀበሌ ሄድኩ። ሙሉዓለም ተነሣ፤ ጨበጠኝ፤ ወንበር ሳበ።

«የምሥራች አለኝ፣ እናቴ። ጉዳዩ በዕቅድ ተይዟል።»

«ለመቼ?»

«ለሚቀጥለው በጀት ዓመት።»

እሱ ምስጋናዬን እየጠበቀ ፈገግ አለ። እኔ ግን ከትከሻው በላይ በመስኮቱ እያየሁ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የቀበሌውን ግቢ አስተውዬው አላውቅም። ሰፊ ነው። ደልዳላ ነው። ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። በሩ ሁለት አይሱዙ ጎን ለጎን ያስገባል። ዳር ዳሩን ጥላ የሚሆን ዛፍ አለው፤ አዳራሹ ሙሉ ወንበር አለው። ከመንገዱ እስከ በሩ አንዲት ጉድጓድ የለችም።

«እሺ፣ ሊቀመንበር» አልኩት። «እናንተ ወደ እኛ መምጣት ካቃታችሁ እኛ እንመጣለን። የልጄ ሰርግ እዚህ ግቢ ነው።»

ሳቀ። «እናቴ፣ እርስዎ እኮ ቀልደኛ ነዎት!»

እኔ በዚህ ከተማ በብዙ ስም ተጠርቻለሁ፤ ቀልደኛ ተብዬ ግን አላውቅም። ልቡ በዚያ ሊጠረጥር ይገባ ነበር።

ባሌ ሲሰማ ቡናማ ፊቱ ነጣ። «ይህ ሕገ ወጥ ነው!»

«ጉድጓዱስ?»

«እሱም... ሕገ ወጥ ነው።»

«እንግዲያስ እኩል ነን።»

ሁለት ቀን በቤቱ ውስጥ ተንጎራደደ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ብርሃን በርቶለት፣ ከአልጋው ሳይወርድ ጠራኝ። «እኔ የኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ» አለኝ። «ሰብሳቢ ስብሰባ የመጥራት ሥልጣን አለው።» ተነሥቶም ለቀበሌው ጻፈ፤ የቦይ ጉዳይ ተከታታይ ኮሚቴ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ በቀበሌው ግቢ፣ መላው የሰፈር ነዋሪ በተገኘበት ስብሰባ ያደርጋል፤ መስተንግዶውን ኮሚቴው ራሱ ይችላል። ሙሉዓለም ስብሰባ የሚል ቃል ሲያይ እጁ ራሱ ይፈርማል፤ ፈረመ። ከሠርጌ ቀን ወዲህ ባሌን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም። ምሳም ሰጠሁት።

አርብ የእድሩ ድንኳን በወጣቶች ትከሻ ጉድጓዱን ተሻግሮ ቀበሌ ገባ። የግቢው ጥበቃ የእድራችን አባል ናቸው፤ የተፈረመውን ወረቀት አዩ፣ ድንኳኑን አዩ፣ «ስብሰባችሁስ ደስ ይላል» ብለው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ቅዳሜ ማለዳ ሽንኩርቱ የተከተፈው በግብር ክፍሉ ደረጃ ላይ ነው። የሰው ዓይን እዚያ ደረጃ ላይ ሲያነባ የመጀመሪያው አልነበረም። ሰታቴዎቹ በአጥሩ ጥግ ተጣዱ። ሐጂ ኑርዬ በጎቻቸውን በራሳቸው ሰው አሳርደው ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሌላ ዳስ በአዳራሹ ጎን አቆሙ፤ ሚስማሩም አጣናውም ከሱቃቸው ነው። በሬው ከማስታወቂያ ሰሌዳው ምሰሶ ታሰረ። ዘወር ብዬ ሳየው፣ የተለጠፈውን የዕቅድ አፈጻጸም ወረቀት እየበላው ነው። ከዚያ ወረቀት ተጠቃሚ የሆነ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ረፋድ ላይ ሙሉዓለም እየሮጠ መጣ። ሰው ነግሮት ነው። ከበሩ ላይ ቆሞ ድንኳኑን፣ ሰታቴውን፣ በሬውን አንድ በአንድ አየ።

«እናቴ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ስብሰባ ነው። ፈርመሃል» አልኩት። «አንተ» ማለቴን እኔም አላወቅሁትም፤ ለሊቀመንበርነቱ የሰጠሁት ክብር በዚያች ቅጽበት አለቀ።

«ይህ እኮ የመንግሥት ግቢ ነው!»

«ጉድጓዱስ የማን ነው?»

«የእ... የኅብረተሰቡ...»

«ግቢው የመንግሥት፣ ጉድጓዱ የኅብረተሰቡ! ውርሱን ማን አከፋፈለን?»

ሴቶቹ ቢላዋቸውን እንደያዙ ተጠጉ፤ ለሽንኩርቱ ነው የያዙት፤ እሱ ግን ወደ ኋላ አለ። ፖሊስ እጠራለሁ አለ። ጠራ። ሁለት ፖሊሶች መጡ። ወረቀቱን ባሌ በሥነ ሥርዓት አሳያቸው። አንደኛው አነበበና «ፊርማው የእርስዎ ነው?» ብሎ ሙሉዓለምን ጠየቀው። «የእኔ ነው፣ ግን...» አለ። ፖሊሱ ወረቀቱን አጣጥፎ ለባሌ መለሰለትና ሰርጉ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠየቀኝ።

ሙሉዓለም የአዳራሹ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ያን ጊዜ ጣቶቹን አየሁ፤ ያችን ትንሽ ዩኒፎርም ስለካለት እንደነበሩት ቀጫጭን ናቸው። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እናቴ፣ እኔ ያልጻፍኩ መሰለዎት?» አለኝ ቀስ ብሎ። «በየወሩ እጽፋለሁ። ስልክ እደውላለሁ። ‹ትዕግስት ይኑርህ› ይሉኛል። እኔም ለእናንተ ያንኑ ነው የማመጣላችሁ፤ ሌላ የሚሰጡኝ ነገር የለም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«ሊቀመንበር ሆኖ ‹አቃተኝ› ይባላል?»

«ይባላል እንጂ! ብትለን ኖሮ ይህን ሁሉ ሰው ይዘን አብረንህ እንሄድ ነበር። አሁንም ደውልና እውነቱን ንገራቸው።»

ስልኩን አውጥቶ ደወለ። «ቀበሌው ተይዟል!» አለ። ከወዲያ ያለው ሰው ሳይጮኽ አልቀረም። «በማን ተያዘ ማለት... በሰርግ! አዎ ሰርግ! አይወጡም! ሴቶቹ ቢላዋ ይዘዋል!» አለ፤ ይህችን ከራሱ ጨመረ፤ ባረክሁት።

ክረምትና በጋ ያላመጣው ድንጋይ ከሰዓት በኋላ መጣ። አንድ ገልባጭ መኪና፣ ቀጥሎ ሌላ። ከላይ የመጣ አንድ ኮፍያ የደፋ ሰው ወርዶ፣ ትልቅ ቱቦ ተቀብሮ መንገዱ ዛሬውኑ እንደሚደፈን ነገረንና፣ «እንግዲህ ድንኳናችሁን ነቅላችሁ ወደ ሰፈራችሁ ትመለሳላችሁ» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። ባሌም አየኝ፤ ዓይኑ «በቃ፣ እሺ በይ» ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ውስጤ አመንትቶ ነበር። ቤቴ ነው የምፈልገው፤ ደጄ ላይ ነው ልድራት የተመኘሁ። ግን ነገ ጠዋት ድንኳኑ እንደተነሣ ድንጋዩም ተመልሶ የማይነሣ መሆኑን ማን ይምልልኛል?

«ቱቦውን ቅበሩ፤ እግዜር ይስጥልን» አልኩት። «ሰርጉ ግን ከዚህ አይነቃነቅም። ነገ ሙሽራዋ ከቤቷ ወጥታ፣ በደፈናችሁት ላይ በመኪና አልፋ እዚህ ስትደርስ፣ ያን ጊዜ እንተማመናለን።»

«ይህ እኮ ማስገደድ ነው!»

«አይደለም» አለ ባሌ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «የአፈጻጸም ክትትል ይባላል።»

እልልታው እስከ ገበያው ተሰማ አሉ።

እሑድ መኪናው የሰፈራችንን አፍ ሲያልፍ እኔ ከኋላ ወንበር ልጄን ይዤ ነበር። አዲሱ አፈር ላይ ጎማው ትንሽ ሰመጠ፤ ሾፌሩ ነዳጅ ረገጠ፤ አለፍን። ልጄ እጄን ጨመቀችኝ። «እማዬ፣ ተሻገርን» አለች። ቬሏን እንዳላርስባት ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

አለቃ ጥበቡ ግቢው ሲደርሱ በሩ ላይ ቆመው ግራ ቀኝ አዩ። «ባለፈው ከጉድጓድ ሆነን ለመንን፤ ዛሬ ቢሮ ሆነን ልንበላ ነው። እኛ የመጣነው ልጃችን የሚሾመው ለባልነት ብቻ መስሎን ነበር!» አሉ። የአሳላፊ እጥረት ነበርና ሙሉዓለም ኮቱን አውልቆ የወጥ ጭልፋ ይዞ ሲዞር ዋለ። ለተሻገር እናት ሁለቴ ጨመረላት። የሕዝብ አገልጋይ ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ በእጄ አጎረስኩ፤ እጄ እስኪዝል።

ሰኞ ተጠርቼ ተገሠጽኩ። ወንበር ተሰብሯል፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው ባዶ ሆኗል፣ «ድርጊቱ ለሌሎች መጥፎ አርአያ ነው» ተባልኩ። ጥፋቴን እንዳምን ተጠየቅኩ። አላመንኩም። ድጋሚ እንደማላደርገው ቃል እንድገባ ተጠየቅኩ። ሌላ ልጅ የለኝም አልኳቸው።

መጥፎ አርአያነቱ ግን እውነት ሳይሆን አልቀረም። ሳምንት ሳይሞላ ከላይኛው ሰፈር አንዲት ሴት በሬን አንኳኳች። እነሱ ሰፈር ቦኖው ውሃ ካቆመ ቆይቷል፤ እንስራ ተሸክመው ነው የሚንከራተቱ።

«የትዕግስት እናት፣ የእድራችሁን ድንኳን ታውሱናላችሁ?» አለችኝ።

«በደስታ! ምን አላችሁ? ሰርግ ነው?»

«ኧረ ሰርግስ የለንም።»

«ተዝካር?»

«የሞተም የለ፤ ተመስገን። ልብስ ልናጥብ ነው። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ይዤ፣ ቀበሌው ግቢ ወርደን ልንዘፈዝፍ ነው፤ የእነሱ ቧንቧ ለሰዓት እንኳ አይቋረጥም አሉ። ድንኳኑ ለፀሐዩ ነው።»

ድንኳኑን አወጣሁላት። ገመዱንም ሰጠኋት። እኛ ቤት ውሃ አለ፤ ቢሆንም ወደ ጓዳ ገባሁና የአልጋውን አንሶላ ገፍፌ፣ የባሌን ጋቢና ሁለት ሸሚዝ ጨምሬ፣ ጠቅልዬ ተሸክሜ ተከተልኳት።